ከደብረ ብርሃን ሲነሱ፦ በአየር ይሻላል በመንገድ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ «እይ እንጂ፣ ባሕር ዳር እኮ 317 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት!» አለኝ። ካርታው ላይ ከደብረ ብርሃን እስከ ባሕር ዳር ቀጥ ያለ መስመር ስቦ ነው። መስመሩ አልዋሸም። ችግሩ በዚያ መስመር ላይ የሚሄድ መኪና የለም። አውሮፕላንም የለም። እኛ ባሕር ዳር ለመግባት መጀመሪያ ጀርባችንን ሰጥተናት አዲስ አበባ መውረድ አለብን። ወደ ሰሜን የምንዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለቢሮ ጉዳይ ሊሄድ ነበር። «ታዲያ በአየር ልሂድ በመኪና?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ለደሴ የሚሰጠው መልስ ለባሕር ዳር አይሠራም። ለደብረ ብርሃን ሰው የሚሰጠው መልስ ደግሞ ለመርሐ ቤቴ ሰው አይሆንም። በሁለቱም ስመላለስ የያዝኩት መለኪያ አንድ ነው፦ አዲስ አበባ በመንገዴ ላይ ናት ወይስ ከኋላዬ ናት? ይህን ከመለሳችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ካርታው የሚለው፣ ጎማው የሚለው

ስልክ ላይ የምታዩት የአየር ርቀት ሁለት ከተሞችን በቀጥታ የሚያገናኝ መስመር ነው። ተራራ አይቆጥርም፣ ገደል አይቆጥርም። የመንገድ ርቀት ደግሞ አስፋልቱ ተጠማዞ፣ ወጥቶና ወርዶ የሚመዘገበው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስለ አገሩ አቀማመጥ ብዙ ይናገራል።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በመንገድ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በቀጥታ ሲለካ 112 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም ጫጫ፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ እያሉ የሚሄዱት በደጋ ሜዳ ላይ ነው። መንገዱ የሚሸሸው ትልቅ ገደል የለም።

አሁን ወደ ደሴ ዙሩ። ይቺን ራሳችሁ በወረቀት ልትሠሯት ትችላላችሁ፤ ሁለቱ ከተሞች ከሞላ ጎደል በአንድ ኬንትሮስ ላይ ስለሆኑ ስሌቱ የልጅ ነው። የደብረ ብርሃን ኬክሮስ 9.68 ዲግሪ ነው፣ የደሴ 11.13። ልዩነቱ 1.45። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስታባዙት 161 ይመጣል። በቃ፣ የአየር ርቀቱ ይኸው ነው።

መንገዱስ? አዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው ሲባል ሰምታችኋል። 130ውን ስትቀንሱ 271 ይቀራል። ከ161 ወደ 271። 110 ኪሎ ሜትሩ የት ገባ? ጣርማበር ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው አይጠይቅም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነስታችሁ፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አልፋችሁ፣ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ትወርዳላችሁ። መንገዱ እንደ እባብ እየተጣጠፈ ነው የሚወርደው። በመስኮት ከታች የምታዩት አስፋልት ከደቂቃዎች በኋላ እናንተው የምትሄዱበት ነው።

የባሕር ዳሩ ይብሳል። በቀጥታ 317፤ በመንገድ ግን በአዲስ አበባ ዞሮ በደጀንና በሞጣ በኩል 620 ገደማ፣ በደብረ ማርቆስና በዳንግላ በኩል ደግሞ 695 ገደማ። ከእጥፍ ያለፈ ማለት ነው። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ፣ ከቦሌ ኤርፖርት፣ ባሕር ዳር በአየር 333 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በካርታው እኛ ከአዲስ አበቤው ይልቅ ለባሕር ዳር እንቀርባለን! በተግባር ግን 130 ኪሎ ሜትር እንርቃለን። መሐል ላይ የጀማና የአባይ ሸለቆዎች ተጋድመው።

ደሴ፦ አውሮፕላኑን እርሱት

ባለፈው ዓመት አክስቴ ደሴ ልቅሶ ደረሰባት። መርዶው የመጣው ማለዳ ነው፤ ቤቱ ተተረማመሰ። ከዘመድ አንዱ «በአውሮፕላን ትሂድ እንጂ፣ ገንዘቡን እናዋጣ» አለ። ደግ አሳብ ነው። ሁላችንም በግምት አየሩ ይፈጥናል ብለን ነበር። ግን አንዲት ሴት ልጅ እስክሪብቶ አንስታ ሰዓቱን በሰዓት ደመረችው።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚኒባስ 3 ሰዓት ገደማ። ከላምበረት ቦሌ፣ መገናኛ ላይ ከተዘጋጋ 45 ደቂቃ። ኤርፖርት ከበረራው 2 ሰዓት ቀድሞ መገኘት። በረራው 1 ሰዓት ገደማ። ግን አውሮፕላኑ ደሴ አይደለም የሚያርፈው፤ ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ 25 ኪሎ ሜትር። ሻንጣ መጠበቁን ጨምሩበት። ወደ 8 ሰዓት ሄደ። ያውም ትኬት ለዚያው ቀን ከተገኘ ነው።

በመኪና? 6 ሰዓት፣ ቢበዛ 7። አክስቴ በሃይሩፍ ሄደች፣ ከቀብር በፊት ደረሰች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለደሴ ስትሄዱ አዲስ አበባ ከኋላችሁ ናት። 130 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ትመለሱና አውሮፕላኑ ያንኑ 130 ራሳችሁ ላይ እየበረረ ያልፍበታል። ለኮምቦልቻም፣ ለከሚሴም፣ ለወልዲያም ሒሳቡ ይኸው ነው። ላሊበላ ላይ ነው ሚዛኑ መንቀሳቀስ የሚጀምረው። ከቦሌ ላሊበላ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመንገድ ከአዲስ አበባ በወልዲያና በጋሸና ስትሄዱ 700 ይጠጋል። ለእኛ ከዚያ ላይ 130 ቢቀነስም ሙሉ ቀን የሚበላ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ የሚያሳድር ጉዞ ነው። እዚያ ላይ ኪሱ የቻለ ሰው ቢበር አልፈርድበትም።

የደሴን መንገድ ከመረጣችሁ ሁለት ነገር። ክረምት ላይ ጣርማበር ጉም ይተኛበታል፤ ፊት ለፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት እስኪጠፋ ድረስ። እንዲህ ባለ ቀን ሾፌሩን «ፈጠን በል» የሚል ተሳፋሪ ካለ ዝም አስብሉት። ሁለተኛው፣ መንገዱ ላይ ያለችው የሰንበቴ ከተማ ገበያ እሑድ ነው። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ሰዉ መንገዱን ይሞላዋል፤ መኪናው በእግር ፍጥነት ነው የሚያልፈው። ለሚያይ ሰው ደስ ይላል፣ ለሚቸኩል ሰው ግን አይመከርም።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ መግዛትም አለ። መኪናው ገና ሳይቆም ልጆቹ በመስኮት ያቀብሏችኋል፣ ገብሱ ገና ትኩስ ነው። አየር መንገድ ይህን አያቀርብም።

ባሕር ዳር፦ እዚህ ላይ ነው ክርክሩ

ባሕር ዳር የክልሉ መቀመጫ ናት። የሰሜን ሸዋ ሰው አንዳንዱ ጉዳይ ዞኑ ላይ አያልቅለትም። አንዲት ማኅተም፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ «ክልል ሄደህ ጠይቅ»፣ ከዚያ 620 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ ይህ መስመር ለእኛ የሽርሽር ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ከኋላችን አይደለችም፤ በመንገዳችን ላይ ናት። ብትበሩም ባትበሩም 130 ኪሎ ሜትሩን ትሄዱታላችሁ። በደሴ ዞሮ በወልዲያና በደብረ ታቦር የሚሄድ መንገድ አለ። ግን እሱም 750 ገደማ ይሆናል፤ ደሴ ወይም ወልዲያ ሌላ ጉዳይ ከሌላችሁ አይሆንም። ስለዚህ ውድድሩ የሚጀምረው ላምበረት መናኸሪያ ስትወርዱ ነው።

እዚያው ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ከእኛ የሚመጣው መንገድ አዲስ አበባ የሚገባው በምሥራቅ በኩል ነው። ለገጣፎ፣ ኮተቤ፣ ላምበረት፣ መገናኛ። ቦሌ ኤርፖርት ከዚያ ቅርብ ነው፤ ከተማውን ማቋረጥ የለባችሁም። የጎጃም መንገድ ግን የሚወጣው በሌላው ጫፍ፣ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ነው። አገር አቋራጮቹ ደግሞ የሚነሱት ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ መገኘት አይቻልም። ስለዚህ አውቶቡስ የመረጠ ሰው አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ያድራል። አልጋ፣ እራት፣ ሌሊት በ10 ሰዓት ታክሲ ፍለጋ። ይህ ወጪ የአውቶቡስ ትኬቱ ላይ አይጻፍም፤ ግን የትኬቱ አካል ነው።

ቀኖቹን እንቁጠር። በአውቶቡስ ከሆነ ሰኞ ከደብረ ብርሃን ትነሳላችሁ፣ አዲስ አበባ ታድራላችሁ። ማክሰኞ ሌሊት ትሳፈራላችሁ፣ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተጉዛችሁ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ትገባላችሁ። ቢሮ ሊዘጋ ነው። ረቡዕ ጉዳያችሁን ትጨርሳላችሁ፣ ኃላፊው ስብሰባ ካልገባ። ሐሙስ መመለስ፣ አዲስ አበባ ማደር። ዓርብ ቤት። የሥራ ሳምንቱ አለቀ።

በአየር ከሆነ ማክሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ከደብረ ብርሃን ትነሳላችሁ። 5 ወይም 6 ሰዓት ላይ ያለ በረራ ከያዛችሁ ከምሳ በኋላ ቢሮው በር ላይ ናችሁ። ያልጨረሳችሁትን ረቡዕ ጠዋት ትጨርሳላችሁ። ከሰዓት በረራ ካገኛችሁ አዲስ አበባ ማደር፣ ወይም ከደፈራችሁ በማታ መኪና ደብረ ብርሃን። እኔ ማታ አልደፍርም፤ አድራለሁ። እንደዚያም ሆኖ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ቤት ነኝ።

ሁለት ቀን ተኩል ከአምስት ቀን ጋር ነው የሚወዳደረው። ሱቅ ያለው ሰው፣ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው፣ የታመመ አስቀምጦ የሚሄድ ሰው ይህን ልዩነት በገንዘብ ይተርጉመው። የአንድ ቀን ገቢያችሁን በሁለት ቀን ተኩል አባዙት፣ የአዲስ አበባ ተጨማሪ አልጋና ምግብ ደምሩበት፣ የአውቶቡስ ትኬቱን ጨምሩ። ከዚያ ከአውሮፕላን ትኬቱ ጋር አስተያዩት። እኔ ስሠራው ልዩነቱ ካሰብኩት በጣም ጠበበ። አበል የሚከፈለው ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እሱን አልነካም።

ብቻችሁን ካልሆናችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አራት ሆናችሁ ለሠርግ ብትሄዱ የአየር ትኬቱ አራት ጊዜ ነው። የቤት መኪና ያለው ዘመድ ካለ ነዳጁ ያው አንድ ነው። በኮንትራት መኪናም ቢሆን ለአራት ስትካፈሉት ይቀላል። በራሳችሁ መኪና ስትሆኑ የአውቶቡሱ ሰዓት አያስራችሁም፤ ግን 620 ኪሎ ሜትርን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ አድራችሁ ቀጥሉ። መጨለም ሲጀምር መንገዱ የከብትና የእግረኛ ነው።

አባይ በረሃ

ስለ መንገዱ ሳወራ አባይ በረሃን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ይህ ክፍል ከንጽጽሩ ይወጣል ብላችሁ ካሰባችሁ አትሳሳቱ፤ ዋናው ንጽጽር እሱ ነው።

ጎሐ ጽዮን ላይ አውቶቡሱ ለቁርስ ይቆማል። ብርድ ነው፤ የደብረ ብርሃን ሰው ግን ጃኬቱን እንኳ አይዘጋም። ከዚያ መውረድ ይጀመራል። ከጎሐ ጽዮን ደጀን በቀጥታ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ 40 ገደማ። ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዱና ያንኑ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ጆሮ ይደፈናል። የፍሬን ሽታ ይገባል። ጃኬት ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ። መስኮት የሚከፍትና «ንፋስ ይመታኛል» የሚል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጣሉት። አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ መሬቱ ስለሚንሸራተት ሞገድ ሠርቷል፤ አውቶቡሱ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። ሆዱ የሚረበሽበት ሰው ቁርሱን ከጎሐ ጽዮን ሳይሆን ከደጀን ቢበላ ይሻለዋል። ይህን የምለው በልምድ ነው፣ ዝርዝሩን ተዉት።

ከታች ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን ታያላችሁ። አንዱ አሮጌው፣ አንዱ በ2001 መግቢያ የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ፣ 303 ሜትር። ክረምት ላይ ውኃው ወፍራም ቡና ይመስላል። የአውቶቡሱ ጫጫታ ለጥቂት ጊዜ ይረግባል፣ ሁሉም አንገቱን ወደ መስኮቱ ያደርጋል።

በአውሮፕላን ያው በረሃ ከሥራችሁ ያልፋል። መሬት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጀው ከላይ የሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ሰማዩ ከጠራ ሸለቆው እንደተቀደደ ጨርቅ ይታያል። ያምራል፣ ግን ላብ የለውም።

አንድ ሰዓት ለምን ይፈጃል?

ባልደረባዬ ይህንንም ጠይቆኛል። በዚህ መስመር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ፕሮፔለር ያለው ኪው 400 ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። 333ቱን በግማሽ ሰዓት መጨረስ አልነበረበትም? አየር ላይ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ የሚሄድበት ጊዜ ግን አጭር ነው። መሬት ላይ ተንደርድሮ ሜዳው ጫፍ መድረስ አለ። ተራ መጠበቅ አለ። መውጣት፣ መውረድ፣ ከማረፊያው አቅጣጫ ጋር መስተካከል አለ። ለዚህ ነው ርቀቱ ግማሽ በሆነ ቁጥር የአውሮፕላን ጥቅም የሚቀንሰው። 100 ኪሎ ሜትር ለሆነ ጉዞ ኤርፖርት ተሰልፋችሁ የምትቆሙበት ጊዜ ከበረራው ይበልጣል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በረራ ቢኖር እንኳ በሚኒባስ ነበር የምሄደው።

ከደብረ ብርሃን ውጭ ላላችሁ

የመርሐ ቤቴ ሰዎች ከላይ ያልኩትን ግማሹን እርሱት። ከዓለም ከተማ በለሚ በኩል ሙከጡሪ ትወጣላችሁ፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙከጡሪ ደግሞ የጎጃም መንገድ ላይ ናት። አዲስ አበባ ሳትገቡ ፊታችሁን ወደ ባሕር ዳር ታዞራላችሁ። ከዚያ በሞጣ በኩል 410 ያህል ይቀራችኋል። ለእናንተ ቦሌ መሄድ ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ ልክ ለእኛ ደሴ በአየር መሄድ እንደሚሆነው። አንድ ችግር ግን አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ትልልቆቹ አውቶቡሶች ሞልተው ነው የሚያልፉት። ሙከጡሪ አስፋልት ዳር ቆሞ እጅ መዘርጋት ሎተሪ ነው። ፍቼ አድሮ በየከተማው እየቀያየሩ መሄድ ይደክማል፣ ግን ያደርሳል።

የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ሰዎች ደግሞ መሐል ላይ ናችሁ። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ናት፣ ከኮምቦልቻ 150። «ኮምቦልቻ ይቀርበኛል፣ ከዚያ ልብረር» የሚል አሳብ ይመጣል። ለአዲስ አበባ ከሆነ አታድርጉት፤ 150 ሰሜን ሄዳችሁ እንደገና ቤታችሁ ላይ ትበርራላችሁ። ለባሕር ዳርም ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ ተሳፍራችሁ ቦሌ ወርዳችሁ ሌላ አውሮፕላን መቀየር ሊኖር ነው። ለአጣዬ ሰው ኮምቦልቻ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ሊያስብበት ይችላል። የሁለቱ በረራ ሰዓት ከተገጣጠመለት።

ትኬት፣ ሰዓትና ቅቤ

አንዴ በረራ አምልጦኛል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ገባሁ። ለካ የቀረው ሰው አንድ ሳይሆን ስድስት ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ አንድ ሰዓት ከሩብ ቁጭ አልኩ፣ መስተዋቱ በትንፋሻችን እስኪሸፈን። ቦሌ ስደርስ መመዝገቢያው ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በረራ ካለኝ ከዋዜማው አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ወይም ከ5 ሰዓት በኋላ ያለውን በረራ እይዛለሁ። ከደብረ ብርሃን ሲነሱ ሁለት ሰዓት ትርፍ ያዙ። አንዱ ለመናኸሪያው፣ አንዱ ለመገናኛ።

የትኬት ሰዓት ሌላው ጣጣ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 07:15 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 ነው። 13:20 ካለ ከቀኑ 7 ከ20። አደገኞቹ መሐል ላይ ያሉት ናቸው። አጎቴ 11:10 የሚል ትኬት ይዞ ማታ 11 ሰዓት ከ10 መስሎት ኤርፖርት በ9 ሰዓት ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ አራት ሰዓት ሊሆነው ነው። ስድስት ቀንሱ ወይም ስድስት ጨምሩ፣ ከዚያም ትኬቱ ላይ በእስክሪብቶ በኛ ሰዓት ጻፉበት።

መታወቂያችሁ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ከቤት ሳትወጡ እዩ። ስማችሁ ትኬቱ ላይ እንደ መታወቂያው መጻፉንም እንዲሁ።

ዕቃ ላይ መንገዱ ያለ ክርክር ያሸንፋል። ኩንታል ጤፍ አውቶቡስ ላይ ይጫናል። አውሮፕላን ላይ የሚፈቀደው ኪሎ ትኬቱ ላይ አለ፤ ካለፈ ይከፈልበታል። እናቴ ለእህቴ የላከችውን ቅቤ አንዴ በላስቲክ ብቻ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ከደብረ ብርሃን ብርድ የተነሳ ቅቤ ባሕር ዳር ሲደርስ ቅቤ አይደለም፣ ዘይት ነው። ሸሚዞቼ እስከ ዛሬ ይሸታሉ። ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ አድርጉት። ቢላዋና ማጭድ የመሳሰለውን በእጅ አትያዙ፤ ከሻንጣው ጋር ይግባ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ መንገዱ ሰላም ነው? ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ ኪሎ ሜትር መቁጠር ትርጉም የለውም። በዋዜማው መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ ከማንም ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። መንገድ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ወደ አየር ስለሚዞር ትኬትም ወዲያው ያልቃል። አየሩም ቢሆን ሁልጊዜ ዋስትና አይደለም፤ በዚያው በነሐሴ 2015 መባቻ ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና ኮምቦልቻ የሚደረገው በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ መመለሻ ቀናችሁን አጥብቃችሁ አታስሩ።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ አየሩን መረጠ። ብቻውን ነው፣ ዕቃ የለውም፣ ዓርብ ላይ ደግሞ ልጁን ክርስትና ያነሳል። ትናንት ትኬቱን ቆርጦ መጣና አሳየኝ። 10:50 ይላል።

«ጥሩ ሰዓት ነው» አለኝ። «ምሳዬን ቀደም አድርጌ በልቼ እነሳለሁ።»